ለጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና አልትራሳውንድ ስትገዙ፦ የእጁ፣ ላፕቶፕ መሰሉ ወይስ ባለጎማው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ሻጭ ሲመጣ የሚያሳያችሁ ስክሪኑን ነው፤ እናንተ ግን ዓይናችሁን ከፕሮቡ፣ ማለትም ሰውነት ላይ አርፎ ምስሉን ከሚያነሳው ክፍል፣ ላይ አታንሱ። አንድ ኪሎ ያልሞላ ሕፃን ደረት ላይ ለአዋቂ ሆድ የተሠራ ፕሮብ ማሳረፍ ሻይን በአካፋ እንደ ማማሰል ነው።

መጀመሪያ ምን ልታዩበት እንደሆነ ተነጋገሩ። ሳንባን ለማየትና ደም ሥር ለመፈለግ ፍሪኩዌንሲው (የድምፅ ሞገዱ ድግግሞሽ) 10 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነ ሊኒየር፣ ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ፕሮብ ያስፈልጋል፤ ጫፉ ትንሽ የሆነው፣ ሆኪ ስቲክ የሚሉት፣ ኢንኩቤተር ውስጥ እጅን ያቀላል። አንጎልን በእርግብግቢት በኩል ለማየት ማይክሮኮንቬክስ (ትንሽና ፊቱ ክብ ያለ)፣ ለልብና ለእትብት ካቴተር (በእትብቱ ደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ጫፍ ደግሞ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ያለ የጨቅላ ሴክተር ፕሮብ፣ ከትንሽ ፊት ምስሉን እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋው። ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ምስሉ ይጠራል፣ ጥልቀቱ ያንሳል። እዚህ ግን ጥልቀት ማን ፈለገ? የምታዩት ሁሉ ከቆዳው ሥር ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ ነው።

ከስልክ ወይም ከታብሌት ጋር የሚሠራው የእጅ ማሽን፣ እንደ ቢተርፍላይ ያለው፣ ዋጋው ያጓጓል። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ለመጥረግም ቀላል ነው። ሌሊት ሕፃኑ ድንገት ኦክስጅኑ ሲወርድ አየር አምልጦ ደረቱ ውስጥ ታፍኖ እንደሆነ ቶሎ ለማየት ጥሩ ነው። ግን ብዙዎቹ ለአዋቂ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ የፕሮቡ ጭንቅላት ለትንሽ ደረት ይሰፋል፣ ረጅም ጊዜ ከሠራችሁበት ይግልና ራሱን ያቆማል፣ በየዓመቱ ክፍያ የሚጠይቅም አለ። ፐልስድ ዶፕለር (በአንድ ቦታ ላይ የደም ፍሰትን ፍጥነት የሚለካው) እንዳለውና የጨቅላ ሴቲንግ እንዳለው ጠይቁ። ምስሉ በማን ስልክ ላይ እንደሚቀርም አስቡበት፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ባለጎማው ትልቁ ማሽን ለልብ ወደር የለውም። የጨቅላ ልብ በደቂቃ 120 እስከ 160 ጊዜ ስለሚመታ ምስሉ በፍጥነት መታደስ አለበት፣ ዳክተሱ (ከልብ የሚወጡትን ሁለት ትልልቅ ደም ሥሮች የሚያገናኘው፣ ከወሊድ በኋላ መዘጋት ያለበት ቧንቧ) ተከፍቶ እንደሆነ ለመለካትም ሙሉ ዶፕለር ያስፈልጋል። ችግሩ ኢንኩቤተሮች መሃል ማስገባቱ ፈተና ነው። ሌላ ክፍል ከተዋሰው ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ በፈለጋችሁት ሰዓት አታገኙትም።

ለእኔ መሃል ላይ ያለው ላፕቶፕ መሰሉ ይሻላል። በባትሪ ይሠራል፣ ከአልጋ አልጋ ይሄዳል፣ ሦስቱንም የጨቅላ ፕሮብ የሚቀበል ሞዴል ማግኘት ይቻላል። አንድ የፕሮብ መሰኪያ ብቻ ካለው ግን በየጊዜው መንቀልና መሰካቱ ያሰለቻል፣ መሰኪያውንም ይጎዳል፤ ስለዚህ ከሁለት ሦስት መሰኪያ ጋር ግዙ። በጀቱ ካጠረ ከስክሪኑ ቀንሱ እንጂ ከፕሮቡ አትቀንሱ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ጽዳቱን ነው። የኪቦርድ ቁልፍ መሃል የሚገባ ቆሻሻ አይወጣም፣ ልሙጥ የንክኪ ስክሪን ይመረጣል። አምራቹ የፈቀደውን ማጽጃ ዝርዝር ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የማይስማማ ኬሚካል የፕሮቡን ፊት ይሰነጥቀዋል። ፕሮቡ ላይ የሚቀባው ጄልም ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ)፣ አንዴ ብቻ የሚከፈት ይሁን፤ የተበከለ የአልትራሳውንድ ጄል በሆስፒታሎች ውስጥ ኢንፌክሽን ያሠራጨበት ጊዜ አለ። ሞቅ አድርጉትም፣ ቀዝቃዛ ጄል ትንሽ ሕፃንን ያቀዘቅዛል።

የአውሮፓ የሕፃናት ጽኑ ሕክምና ማኅበር በ2020፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ በ2022 ስለዚሁ የአልጋ ዳር አልትራሳውንድ መመሪያ አውጥተዋል፤ ከገንዘቡ የተወሰነውን ለሥልጠና፣ ምስሎቹን አስቀምጦ ልምድ ባለው ሰው ለማስገምገምም መድቡ።

አንድ የግሌ ዘዴ ልንገራችሁ። ሻጩ ማሽኑን ሲያሳያችሁ ሊኒየሩን ፕሮብ የእጃችሁ አንጓ ላይ አድርጉ። አንድ ሴንቲሜትር ላይ ያለው ጅማት ጥርት ብሎ ካልታየ፣ አመስግናችሁ ሸኙት።