ለእናቴ ቤት ግንበኛ ምስጋና፣ ለእናንተ ጥቆማ

ቤት ለማደስ ያሰባችሁ፣ በተለይ አሮጌ የጭቃ ቤት ያላችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ግንበኛ ናቸው፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ያለውን የእናቴን ቤት ሳሎኑን ከበረንዳውና ከጓሮው ጋር ያገናኙልን እሳቸው ናቸው።

ሐሳቡን ያመጣችው ሞምባሳ የምትኖረው እህቴ ናት። የባሕር ዳርቻ ቤቶችን ፎቶ እየላከች "ግድግዳው ይነሳና መስታወት ብቻ ይሁን" አለች። ሌሎች ያነጋገርናቸው "ምን ችግር አለው!" ብለው ወዲያው ዋጋ ጠሩ። ጋሼ ግን በመጀመሪያ የአቡጀዲ ኮርኒሱን ቀደው ወደ ላይ ወጡ። የጭቃ ቤት ጣራ የተሸከመው ጭቃው ሳይሆን ውስጡ የተተከለው እንጨት ነው፤ ዝም ብሎ ከተቆረጠ ቆርቆሮው ከነወራጁ ይመጣል። ስለዚህ በአጣና ደግፈው፣ ግራና ቀኝ ምሰሶ አቁመው፣ ከላይ ፌሮ የገባበት አርማታ አሳለፉ። ድጋፉን እናንሳ ብንላቸው "የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው" ብለው እምቢ አሉ።

እህቴን በስልክ ያስረዷት ደግሞ እስካሁን ያስቀኛል። "ልጄ፣ የባሕር ዳርቻ ሰው ግድግዳ የሚያነሳው ነፋስ ፍለጋ ነው። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ በኅዳር ማታ ነፋሱን ማን ይፈልገዋል?" በሩንም በደቡቡ ግድግዳ ላይ አወጡት፤ በበጋ ፀሐይ ወደዚያ ስለምታጋድል ጠዋት ብርዱ ላይ ሳሎን ድረስ ትገባለች። ዙሪያው ጎማ ያለው ተንሸራታች የአሉሚኒየም በር ነው። (የአሉሚኒየም ልጆቹም ይመስገኑ፣ ጎበዞች ናቸው።)

ከሁሉ የወደድኩት የውሃውን ነገር ነው። እህቴ ደፍ አልፈልግም፣ ውስጡና ውጪው እኩል ይሁን ብላ ነበር። ጋሼ የበረንዳውን ሊሾ ትንሽ ዝቅ አድርገው በየሜትሩ 2 ሳንቲ ወደ ጓሮው አዘነበሉት፤ በሩ ፊት ፍርግርግ የተከደነ ቦይ አወጡ፤ አሸንዳውንም ቀየሩት። ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት በባልዲ ውሃ እየደፉ ወዴት እንደሚሄድ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። ሐምሌ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ እናቴ መወልወያ ይዛ በሩ ሥር ቆመች፤ መወልወያው ደረቁን ተመለሰ።

ሥራቸው ቀስ ያለ ነው፣ ይህን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ሥራ ላይ ሳሉም ስልክ አያነሱም። የእድሳት ፈቃድ ካልወጣ መዶሻ አይነኩም። ዕቃ የምትገዙት እናንተ ናችሁ፣ እሳቸው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ የተረፈንን ሲሚንቶ እንኳን ቆጥረው ነው ያስረከቡን። ቀለምና ኤሌክትሪክ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ።

ስልካቸው በአደባባይ እንዲለጠፍ አልፈለጉም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳ ስለማይከፍቱ፣ ከመስቀል በኋላ ለምታስቡት ከአሁኑ ብታነጋግሯቸው ይሻላል።