የአሳ መቆንጠጫው ለአምባዛ እሺ፣ ለቆሮሶ ግን ፒንሳ ይሻላል

ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ጫማ ወይ ስልክ የማይል ካለ እኔ ነኝ። የአክስቴ ልጅ በሰው የላከልኝ የፕላስቲክ የአሳ መቆንጠጫ፣ ማለትም የተያዘ አሳን ከንፈሩ ላይ ቆንጥጦ የሚይዝ ዕቃ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሰው ዓይን ውስጥ ገብቷል። «ያ ነገር ይሠራል ወይ?» ለምትሉኝ ሁሉ አንዴ ልመልስና ልገላገል። ለአምባዛ ይሠራል። ለቆሮሶ (ለቲላፒያ) አይሠራም። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ።

ዕቃው ቀላል ነው። ቃታውን ስትስቡት አፉ ይከፈታል፣ ስትለቁት በስፕሪንጉ ይገጥማል። ጫፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ የአሳውን ከንፈር አይበሳም። ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰር ገመድ አለው፣ ውሃ ውስጥ ቢወድቅም ይንሳፈፋል። የማልወድለት ስፕሪንጉን ነው። ደህና ወፈር ያለ አምባዛ ተይዞ ሰውነቱን ሲያሽከረክር መቆንጠጫው ይላላል፣ ስለዚህ ሌላኛው እጃችሁ ሁልጊዜ ከሆዱ በታች መሆን አለበት። በአንድ እጅ አንጠልጥዬ ፎቶ ልነሳ የሚል ሰው አሳውን ተሰናብቶ ይነሳ።

ሰው አምባዛን ሲያይ የሚፈራው ጢሙን ነው። ስምንቱም ጢሞች ምንም አያደርጉም፣ ደፍርስ ውሃ ውስጥ ምግቡን የሚፈልግባቸው ናቸው። ጀርባው ላይ ያለው ረጅም ክንፍም ለስላሳ ነው። የሚወጋው ከጭንቅላቱ ኋላ፣ በግራና በቀኝ ባሉት ሁለት ክንፎች ፊት ለፊት ያለው ጠንካራ እሾህ ነው። ጠርዙ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ ስለዚህ ሲገባም ሲወጣም ቆዳ ይቧጭራል። አምባዛው ሲደነግጥ ሁለቱንም ወደ ጎን ዘርግቶ ይቆልፋቸዋል፣ ከዚያ በኋላ በግድ ላጥፈው ብትሉ አይታጠፍም፣ ትግሉ የሚያተርፍላችሁ ደም ብቻ ነው። ደግሞ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቁ፤ የትንሿ እሾህ ቀጭንና ሹል ስለሆነ የባሰ ይወጋል።

መቆንጠጫው ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። የአምባዛ አፍ ሰፊ፣ የታችኛው መንጋጋው ጠንካራ ስለሆነ በደንብ ይያዛል። እጃችሁ ከእሾሁ ራቅ ይላል፣ መንጠቆውን ተረጋግታችሁ ታወጣላችሁ። መቆንጠጫ የሌላችሁ ከላይ በኩል ጭንቅላቱን ያዙት፣ አውራ ጣታችሁ ከአንዱ እሾህ ኋላ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከሌላኛው ኋላ ይሁኑ። እሾሁ ወደ ኋላ ስለማይወጋ እዚያ ጋ ሰላም ነው። ሐይቁ ዳር ያደጉት ልጆች ሳያስቡት የሚይዙት እንዲህ ነው፣ በእኔ ፕላስቲክም ሲስቁ ነው የሚውሉት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶ ለሰዓታት ይቆያል። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጸጥ ስላለ ሞቷል ብላችሁ እጃችሁን ዝም ብላችሁ አትክተቱ።

ወደ ቆሮሶ እንምጣ። አፉ ትንሽ፣ ከንፈሩ ስስ ነው። መቆንጠጫው ወይ ይንሸራተታል ወይ ይቀደዋል። የቆሮሶ መሣሪያ ጀርባው ላይ ነው፤ ከ15 እስከ 18 የሚደርሱ እሾሆች በተርታ ቆመዋል፣ ከሆዱ በታችም ሌሎች ሦስት አሉ። መርዝ የላቸውም፣ ግን ጥፍር ሥር ከገባ ታውቁታላችሁ። እዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ሳይሆን አያያዝ ነው። እጃችሁን አርጥቡ፣ መዳፋችሁን ከአፍንጫው ጀምራችሁ ወደ ጭራው አንሸራትቱ፣ እሾሁ በራሱ ጊዜ ይተኛል። ከጭራ ወደ ራስ ከሄዳችሁ ግን ሁሉም ይቀበሏችኋል።

መንጠቆውን ለማውጣት አፈ ቀጭን ፒንሳ ግዙ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጥበት የሚገኘው ራሱ ነው፣ ለአሳ ተብሎ የተሠራ መፈለግ አያስፈልግም። ለእሱ አምስቱንም ኮከብ እሰጣለሁ። የቆሮሶ አፍ ውስጥ ጣት አይገባም፣ ፒንሳው ግን ገብቶ መንጠቆውን በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ነው የምትይዘው። ስትያዝ ቢጫ እንቁላል ከተፋች ቶሎ ወደ ውሃው መልሷት፣ አፏን በመቆንጠጫ መጭመቅማ ግፍ ነው።

ጓንትን በተመለከተ፣ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት መዳፉ በጎማ የተነከረው ጥሩ ነው። አያንሸራትትም። እሾህ ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፣ ጭረቱን ግን ይቀንሳል። የምትለቁት አሳ ከሆነ ጓንቱን መጀመሪያ አርጥቡት፣ ደረቅ ጓንት የአሳውን ልጋግ ይገፈዋል፣ ልጋጉ ደግሞ ከበሽታ መከላከያው ነው።

ከተወጋችሁ በሐይቁ ውሃ አትታጠቡ። ንጹሕ ውሃና ሳሙና፣ ውስጥ የቀረ ስባሪ ካለ ማውጣት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ ከቆየ ጤና ጣቢያ ብቅ ማለት። ካበጠ፣ ከቀላ፣ ወይም ከሳምንታት በኋላ እብጠት ነገር ካወጣ ሐኪሙን «አሳ ወግቶኝ ነበር» በሉት፤ በእንዲህ ያለ ቁስል የሚገባ ቀስ ብሎ የሚሠራ ተህዋስ አለ፣ ካልነገራችሁት ሐኪሙ ላያስበው ይችላል። ውሃው ውስጥ ቆማችሁም አታጥምዱ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ።

ዱባይ፣ ኩዌት ወይም የእስራኤሏ አሽዶድ ሆናችሁ ከባሕር ለምታጠምዱት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ሳፊ የሚባለው አሳ ጀርባውም ሆዱም መርዛም እሾህ ነው። ባለ ነጭ መስመሩ የባሕር አምባዛ ደግሞ ይብሳል፣ ከቀይ ባሕር በስዊዝ ቦይ አልፎ እስራኤል ዳርቻ ድረስ ገብቷል። ለእናንተ መቆንጠጫው ቅንጦት አይደለም፣ ረጅም ፒንሳም ጨምሩበት፣ የማታውቁትን አሳ ደግሞ ክሩን ቆርጣችሁ ልቀቁት። ከወጋችሁ የተወጋውን ቦታ በሙቅ ውሃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩት፤ መርዙ በሙቀት ይበላሻል፣ ሕመሙም ይቀላል። የውሃውን ሙቀት ባልተወጋው እጃችሁ ለኩ፣ የተወጋው ስለደነዘዘ ልትቃጠሉ ትችላላችሁ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ሕመሙ ካልታገሠ ወደ ሆስፒታል ነው።

የእኔን መቆንጠጫ ሞክሮ ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ በኩል ያገኘኛል፣ አውሰዋለሁ። ፒንሳውን ግን አላውስም።