ከ1 እስከ 100 ያለው የቁጥር ሰንጠረዥ፦ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ግድግዳ ላይ አይሰቀል

በደብረ ማርቆስ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የሚገኘው፣ በላስቲክ የተለበጠው ባለ10 ረድፍና ባለ10 ዓምድ ሰንጠረዥ ለ2ኛና ለ3ኛ ክፍል የቁጥር ድርድር ለማስተማር ይመቻል። ጉድለቱ መጠኑ ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ አሥር ዓምድ ታጭቆ ከኋላ ወንበር አይነበብም። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አምስት ስድስት ልጅ ዙሪያውን ቢቆም ይሻላል። እየዘለሉ ሲቆጥሩ የሚያርፉበትን ቁጥር ለመሸፈኛ የለስላሳ ቆርኪ ይበቃል፣ ያውም በነጻ።

በ5 ሲዘለል ቆርኪዎቹ ሁለት ቀጥ ያሉ ዓምዶች ይሠራሉ። በ9 ሲዘለል ግን 9፣ 18፣ 27 እያሉ ወደ ግራ አዘንብለው ይወርዳሉ፤ ልጆቹ ምክንያቱን (አሥር ጨምሮ አንድ መቀነስ መሆኑን) ራሳቸው ይድረሱበት፣ አይነገራቸው።

ስሕተት የሚበዛው መነሻውን ሳጥን «አንድ» ብለው ሲቆጥሩ ነው፤ ከ4 ተነሥተው በ3 ሲዘሉ 7 ሳይሆን 6 ላይ ያርፋሉ። ጣት መነሻው ላይ በዝምታ ይቀመጥ፣ ቆጠራው ከቀጣዩ ሳጥን ይጀምር። «2፣ 4፣ …» ብሎ መጠየቅም አይበጅም፤ ቀጣዩ 6ም 8ም ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ አራት ቁጥር ይሰጥ።

በቋሚ ማርከር ከተጻፈበት ውሃ አያስለቅቀውም፤ አልኮል ይፈልጋል።