የ3,500 ብሩ ጣት፦ የ«መልህቅ» ስልጠና ገብቼ የታዘብኩት

መጀመሪያ ነጥቡን ልስጥና ልገላገል። ከ5 ኮከብ 2 ተኩል። ዘዴው ራሱ 4 ይገባዋል፣ ስልጠናው 1። አማካዩን እናንተው አስሉት።

መሥሪያ ቤት በየወሩ ሪፖርት የማቀርበው እኔ ነኝ። ስብሰባው ሰኞ ከሆነ ሆዴን የሚቆርጠኝ ከዓርብ ጀምሮ ነው። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይሰልላል፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የማውቀው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም ማስታወቂያ ላከችልኝ። «በራስ መተማመንዎን በጣትዎ ይጥሩ! የ2 ቀን ስልጠና፣ ምሳን ጨምሮ 3,500 ብር» ይላል። ሳቅሁበት። ሰኞ ሲቃረብ ግን በቴሌብር ከፈልኩ። (ደረሰኝ እስካሁን አልተሰጠኝም፣ ይህም ይመዝገብልኝ።)

ስልጠናው «አንከሪንግ» የሚሉት ነው፣ አሰልጣኙ «መልህቅ መጣል» ይለዋል። ሐሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ የቆየ ዘፈን ስትሰሙ ያደጋችሁበት ሰፈር ድቅን ይልባችሁ የለ? ታክሲ ውስጥ የሆነ ሰው ሽቶ ሸቷችሁ የተለያችሁት ሰው ትዝ ብሏችሁ ሆዳችሁ ባር ባር ብሎ አያውቅም? እሱ ሳታስቡት የተጣለ መልህቅ ነው። አንከሪንግ ይህንኑ አስቦ መጣል ነው። የምትፈልጉት ስሜት በደንብ በሞላችሁ ሰዓት አንድ ምልክት ታያይዙበታላችሁ፣ ንክኪ ሊሆን ይችላል፣ ቃል ሊሆን ይችላል። በኋላ ምልክቱን ስትደግሙት ስሜቱ ተከትሎት ይመጣል ነው ነገሩ።

ቦታው ቦሌ አካባቢ አንድ ሆቴል አዳራሽ። ወደ አርባ ሰው ነበርን። ሞንታርቦው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይጮሃል፣ አሰልጣኙ ማይኩን ይዞ «የኔ ጀግኖች!» እያለ ያዘልለናል። ቡፌው ጥሩ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ በዝላይ አለቀ።

ከዚያ ታሪኩን ነገረን። ዘዴው ኤን ኤል ፒ (ኒውሮ ሊንጉስቲክ ፕሮግራሚንግ፣ በቋንቋና በሐሳብ ልምምድ ስሜትንና ባህርይን እንለውጣለን የሚል ዘዴ) ከሚባለው የመጣ ነው፣ እሱን እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሪቻርድ ባንድለር የሚባል ተማሪና ጆን ግሪንደር የሚባል የሥነ ልሳን መምህር ጀመሩት፣ እስከዚህ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን «ፓቭሎቭ በውሾቹ ኖቤል የተሸለመበት፣ በሳይንስ የተረጋገጠ» አለ። ኧረ ተው! ሩሲያዊው ተመራማሪ ፓቭሎቭ በ1904 የተሸለመው በምግብ መፈጨት ላይ በሠራው ጥናት ነው። «የተረጋገጠ» የሚለው ደግሞ ይባስ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል በ1988 ኤን ኤል ፒን መርምሮ ይሠራል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኘም፣ በ2012 በእንግሊዝ የጠቅላላ ሐኪሞች መጽሔት ላይ የወጣው ግምገማም ለጤና ይጠቅማል የሚለው ማስረጃ ትንሽ ነው ብሎ ነው የደመደመው። እኔ ይህን ያየሁት ቤቴ ገብቼ ነው፣ ከከፈልኩ በኋላ።

የፓቭሎቭ ውሾች ግን ለጉዳያችን የሚጠቅም ነገር አላቸው። ሜትሮኖም (ቀጭ ቀጭ እያለ ምት የሚጠብቅ መሣሪያ) እየመታ ምግብ ሲሰጣቸው ቆይቶ፣ ኋላ ድምፁን ብቻ ሲሰሙ ለሃጫቸው ይዝረከረክ ጀመር። ድምፁ ያለ ምግብ ሲደጋገም ግን ለሃጩም እየቀነሰ ይጠፋል። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ተግባሩ እንዲህ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ «የሕይወታችሁን ታላቅ ድል» አስታውሱ ተባልን። እኔ ምረቃዬን መረጥኩ። ምንም የለም። ደረቅ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ማታ ነው። ምረቃዬ ብዬ የማየው ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶ ነው! ጋውን ለብሼ ራሴን ከውጭ ነው የማየው። ትዝታው በራሳችሁ ዓይን ካልታያችሁ፣ ማለትም ከፊታችሁ የነበረው ሰው፣ ድምፁ፣ እግራችሁ የረገጠው ወለል ካልመጣላችሁ ስሜቱም እምብዛም አይመጣም። በማግስቱ በትንሿ እህቴ ሠርግ ላይ ንግግር የሚያደርገው ሰው ቀርቶ እኔ ማይክ የጨበጥኩባትን ቀን አመጣሁ። ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሰዉን በሳቅ ጨርሼዋለሁ። እሷን ሳስብ ደረቴ ሞቀ። ስሜቱ ሽቅብ እየወጣ እያለ ለምልክት የመረጣችሁትን ቦታ ትጫናላችሁ፣ መውረድ ሳይጀምር ትለቃላችሁ፣ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ሐሳባችሁን ትበትናላችሁ፣ ስልክ ቁጥራችሁን ከኋላ ወደፊት መቁጠር ይበቃል። እንደገና ትጫኑና መምጣቱን ትፈትሻላችሁ። ይህንን ብዙ ጊዜ መደጋገም ነው ሥራው። አሰልቺ ነው። አዳራሹ ውስጥ የተደረገው ሁለት ጊዜ ብቻ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። የምንጫነው የት ነው? የቀኝ እጅ አውራ ጣትን ከመሐል ጣት ጋር። አሰልጣኙ ከፈረንጅ ቪዲዮ እንዳለ እንደገለበጠው ያስታውቃል። ወንድሜ፣ እኛ እኮ በእነዚህ ጣቶች ነው እንጀራ የምንበላው! በቀን ሦስቴ፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ አውራ ጣትና መሐል ጣት ይገናኛሉ። ሽሮ እየበላሁ በራስ መተማመኔን ስጠራ እውላለሁ ማለት ነው፣ ውሾቹ ላይ እንዳየነው ደግሞ ምልክት በከንቱ ሲደጋገም ይሞታል። እኔም በአራት ቀኑ ሞተብኝ። መልህቁ በሌላ ጊዜ የማትነኩት ቦታ መሆን አለበት። እኔ ወደ ግራ ጆሮዬ ጫፍ ቀየርኩት፣ ከሦስት ሳምንት የማታ ልምምድ በኋላ ትንሽ ትንሽ መሥራት ጀመረ። ተአምር አይደለም። አንድ እርምጃ ቀጥ ብሎ መቆም ያህል ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ግን አያስቅም። አጠገቤ የተቀመጡ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ እናት ነበሩ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ መሪ ሲጨብጡ እየተንቀጠቀጡ ሁለቴ ወድቀው ነው የመጡት። «በጣም የተደሰታችሁበትን ቀን» ሲባል የገና ዕለት ከእናታቸው ጋር የነበሩበትን አመጡ። እናትየው ግን አርፈዋል። በደስታ የተጀመረው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለቅሶ ሆነ፣ ያውም ስቅስቅ ያለ። አሰልጣኙ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «ይውጣልሽ የኔ ጀግና!» ብሎ ሙዚቃውን ጨመረው። እናቱን የሚያህሉ ሰው «አንቺ»። እኔና ሌላ ልጅ ይዘናቸው ወጣን፣ ውሃ አጠጣናቸው። «ደህና ነኝ ልጆቼ፣ ግቡ እናንተ፣ ገንዘባችሁን ከፍላችኋል» አሉን። አልገባንም፣ እስኪረጋጉ አብረናቸው ተቀመጥን። ሰው ትዝታውን እንዲቆፍር የሚያደርግ ባለሙያ ከሥር ሐዘን ቢወጣ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት። ቤታችሁ ብቻችሁን የምትሞክሩም ከሆነ የሞተ ወይም የተጣላችሁት ሰው ያለበትን ትዝታ ለመነሻ አትምረጡ። ከባድ ሐዘን ወይም ያልዳነ ድንጋጤ ያለበት ሰው ደግሞ በሙያው የሠለጠነ ሐኪም ጋ ቢሄድ ነው የሚሻለው፣ ሞንታርቦ ጋ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት ታደለ፣ ወዲያው «ማስተር ደረጃ፣ 9,000 ብር፣ ዛሬ ለሚመዘገብ ቅናሽ አለው» ተባለ። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ፈሰሰ አልልም። አንድ ነገር ገብቶኛል፦ እኔ የጎደለኝ ጀግንነት አልነበረም፣ እርጋታ ነው። አሰልጣኙ ለሁላችንም የሰጠን ግን አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው፣ «ያ!» ብሎ መጮህ። ልቡ በድለቃ ሊወጣ ለደረሰ ሰው ሌላ ድለቃ ምን ያደርግለታል?

እርጋታን ሳስብ የሚመጣልኝ አያቴ ቤት ነው፣ ከሰዓት፣ ቡናው ላይ ጤና አዳም ጣል ተደርጎ። አያቴ በሕይወት አሉ፣ እግዜር ይመስገን፣ ስለዚህ ትዝታው አያስለቅስም። ሽታ ደግሞ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት ይለያል፣ ታላመስ የሚባለው ማስተላለፊያ ጋ ሳይቆም ስሜትና ትውስታ ወደሚመሩት የአንጎል ክፍሎች አካባቢ በአጭር መንገድ ይደርሳል። ማሰልጠኛው ስለ ሽታ አንዲት ቃል አልተነፈሰም! እኔ ግን በየእሑዱ አያቴ ጋ እየሄድኩ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ ጤና አዳሙን እያሸተትኩ ዝም ብዬ ስቀመጥ ከረምኩ። አያቴ «ምን ሆነሻል፣ ነፍሰ ጡር ነሽ እንዴ?» ብለውኛል።

ባለፈው ሰኞ ሁለት ቅጠል በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። በር ላይ ቆሜ አሸተትኩ፣ ገባሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አልዋሽም፣ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመ። ድምፄም አልጠፋም። ጨርሼ ስቀመጥ አለቃዬ አፍንጫቸውን እየነፉ ዙሪያውን ቃኙና «ቡና የሚያፈላ አለ እንዴ?» አሉ።