ትንሿ ታጣፊ ፒንሳ ከወራት ሥራ በኋላ፦ እጄ ያልነገረኝን ፎቶው አሳየኝ

ታጣፊ ሁለገብ መሣሪያ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ቁጥር ነው። "ይቺ ዘጠኝ ነገር አላት፣ ያቺ ደግሞ አሥራ አምስት" ይላችኋል። ቁጥሩን ተዉት። ፒንሳዋን እዩ። መንጋጋዋ ገጥሞ ይዘጋል ወይ? መገጣጠሚያዋ ይወዛወዛል ወይ? ቢላው፣ ካቻቢቴው፣ ጠርሙስ መክፈቻው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። እዚህ ሐሳብ ላይ የደረስኩት አንዷን ክረምት ከበጋ ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞሬ፣ በየጊዜውም ፎቶ እያነሳኋት ነው።

ሥራዬ የሠርግና የዝግጅት ፎቶ ነው። ስቱዲዮአችን ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ቀኑ ግን የሚያልቀው ውጭ ነው። ጠዋት አራት ኪሎ፣ ከሰዓት ካዛንቺስ አዳራሽ ውስጥ፣ ማታ ደግሞ መብራቱን የሚወዱት ሙሽሮች አዲሱ የፒያሳ የእግረኛ መንገድ ላይ ይጠብቁናል። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የትራይፖዱ ቪቴ ይላላል። የመብራት ስታንዱ ማጥበቂያ አልፈታ ይላል። ዲኮር የሚሠሩት ልጆች ጨርቅ የወጠሩበት ሽቦ ካሜራው ፊት ብቅ ይላል። ለዚህ ሁሉ የመፍቻ ሣጥን ተሸክሞ መዞር አይቻልም፤ ቦርሳው በሌንስና በባትሪ ሞልቷል።

መርካቶ ከአንድ የእጅ መሣሪያ ሱቅ ገዛኋት። ስም የላትም። ቢላዋ ላይ "ስቴንለስ" የሚል ጽሑፍ ተመትቶበታል፣ ሌላ ምንም የለም። ስትታጠፍ ከመሃል ጣቴ አትበልጥም፤ የጂንስ ትንሿ ኪስ ትበቃታለች። ስትዘረጋ አፈ ሾጣጣ ፒንሳ ትሆናለች። ከመንጋጋዋ ሥር ሽቦ መቁረጫ አለ። እጀታዎቿ ውስጥ ቢላ፣ ትንሽ መቀስ፣ ሞረድ፣ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ጠርሙስ መክፈቻ ተደርድረዋል።

የዚህ መሣሪያ ታሪክ ራሱ ከፒንሳ ነው የሚጀምረው። ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ በ1975 እ.ኤ.አ. ከባለቤቱ ጋር አውሮፓን በአሮጌ ፊያት 600 ይዞር ነበር። እኛ ከተማ ሰይቼንቶ ተብላ ታክሲ የነበረችው መኪና ናት። መኪናዋ በየመንገዱ ትበላሽበታለች። ኪሱ ውስጥ የነበረው የስካውት ሴንጢ ነው። ቢላ አለው፣ ካቻቢቴ አለው፤ ብሎን ጨብጦ የሚያዞርለት ነገር ግን የለውም። አገሩ ሲገባ ፒንሳ ያላት ሴንጢ ለመሥራት ተነሳ። ዓመታት ፈጀበት። በ1980 ፓተንት አገኘ፣ በ1983 የመጀመሪያዋን ለገበያ አወጣ። ዛሬ መርካቶ ተደርድረው የምናያቸው ስም የለሾችም ያንኑ ቅርጽ የተከተሉ ናቸው። ሰውየውን ያስነሳው የጎደለው ፒንሳ ነው። ፒንሳዋ ደካማ የሆነች መሣሪያ፣ ሌላው ምን ቢያምር፣ ለእኔ ሴንጢ ብቻ ናት።

አሁን ወደ ፎቶው ልግባ።

በየቀኑ የምትይዙት ዕቃ ሲለወጥ አይታወቃችሁም። መገጣጠሚያ የሚላላው ቀስ በቀስ ነው፤ እጅም አብሮ ይለምደዋል። ፎቶ ግን የመጀመሪያውን ቀን መልክ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ገና ሳልሠራባት ተጣጥፋም ተዘርግታም አነሳኋት። የመንጋጋዋን ጫፍና የሽቦ መቁረጫዋን ስለት ደግሞ ከቅርብ አነሳሁ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ገደማ፣ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ርቀት ደገምኩት።

የሚያብረቀርቅ ብረት ማንሳት ከባድ ነው። ብረቱ የራሱን መልክ አያሳይም፤ ፊቱ ያለውን ነው የሚያሳየው። ፍላሽ ስትመቱበት አንድ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቃጠልና የቀረው ይጨልማል። የክፍሉን አምፖል ብታበሩ አምፖሉንና ጣሪያውን ብረቱ ላይ ታያላችሁ። የሚያዋጣው የመስኮት ብርሃን ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበትን መስኮት ምረጡ። በክረምት ሰማዩን የሚሸፍነው ደመና ብርሃኑን ስለሚበትነው ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሣጥን) አያስፈልግም፤ የሐምሌ ከሰዓት በጣም ይመቸኛል። መሣሪያውን ግራጫ ካርቶን ላይ አስቀምጡ። ነጭ ወረቀት ላይ ካደረጋችሁት ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል። ከመስኮቱ በተቃራኒ አንድ ኤ4 ወረቀት አቁሙ፤ ጥላ ውስጥ ያለው ጎን ይፈካል። አጠገቡ ማስመሪያ ይቀመጥ። ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ በሌንስ ጨርቅ ጥረጉት፤ የጣት አሻራ ከቅርብ ሲታይ ዝገት ይመስላል።

በካሜራ ከሆነ ትራይፖድ ላይ አስሩትና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 አድርጉ። ከቅርብ ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ቀዳዳው ሰፊ በሆነበት በኤፍ 2.8 የመንጋጋው ጫፍ ጠርቶ መገጣጠሚያው ይደበዝዛል። በስልክ ከሆነ በጣም አትጠጉ። ሰፊው ሌንስ ከቅርብ ሲያነሳ ቅርጽ ያጣምማል፤ ደህናውን መንጋጋ ጠማማ ያስመስለዋል። ትንሽ ራቅ በሉና 2 እጥፍ አቅርቡ። ኋይት ባላንሱም (ካሜራው ቀለም የሚያመዛዝንበት) በየፎቶው እንዳይቀያየር ቆልፉት፤ አለዚያ ቢጫው ዝገት ይሁን የብርሃን ቀለም አትለዩም።

ከሁሉም በላይ የጠቀሙኝ ሁለት ፎቶዎች ናቸው። አንደኛው ከኋላ በሚመጣ ብርሃን የሚነሳው ነው። ፒንሳዋን ዝጉና መስኮቱ ፊት ያዟት። በመንጋጋዎቹ መካከል ብርሃን የቱ ጋ እንደሚያልፍ እዩ። ደህና አፈ ሾጣጣ ፒንሳ ጫፉ ላይ ይገጥማል። ወደ ሥሩ ትንሽ ክፍተት ቢኖር ግድ የለም። ጫፉ ላይ ክፍተት ካለ ግን ቀጭን ነገር አይጨብጥም። የእኔዋ አዲስ ሆና ጫፏ በደንብ ይገጥም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ባነሳሁት ፎቶ ግን አንዱ መንጋጋ በትንሹ ወደ ጎን ሸሽቷል። እጄ ይህን ጭራሽ አልነገረኝም። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሳደርግ ነው ያየሁት። መንጋጋዎቹ ራሳቸው አልተጣመሙም፤ መገጣጠሚያው ነው የላላው።

ሁለተኛው ከጎን በሚመጣ ዝቅ ያለ ብርሃን የሚነሳው ነው። የስልክ መብራት አብርታችሁ ከስለቱ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ያን ጊዜ ጭረቱም ጉድጓዱም ጥላ ይጥላል። የሽቦ መቁረጫው ስለት ሁለት ቦታ ላይ መጎድጎዱን ያሳየኝ ይህ ነው። መቁረጫው የመዳብ ሽቦ፣ ለስላሳ የማሰሪያ ሽቦና የፕላስቲክ ማሰሪያ ያለ ችግር ይቆርጣል። የስፕሪንግ ሽቦ ግን ከመቁረጫው ብረት ይጠነክራል። አዳራሽ ውስጥ ከሚወጠሩት ሽቦዎች አንዳንዶቹ እንደዚያ ናቸው። አሁን ሽቦውን መጀመሪያ በጣት አጥፌ አየዋለሁ። ታጥፎ ከቀረ ይቆረጣል፤ ተመልሶ ቀጥ ካለ ሌላ መቁረጫ ይፈለጋል።

በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የማወጣት ለትራይፖድ ነው። የአብዛኛው ካሜራ ማሰሪያ ቪቴ 1/4 ኢንች ነው፤ ራሱ ላይም ለጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚሆን ስንጥቅ አለው። ሳንቲም የሚያጠብቀውን ያህል ብቻ ሳይሆን በደንብ ታጠብቀዋለች። የፍላሽ ባትሪ ማስገቢያ ውስጥ የተጣመመች ቀጭን ብረት በፒንሳዋ ጫፍ ቀና አድርጌ ሥራ የቀጠልኩበት ጊዜም አለ። እዚያ ቦታ ጣት አይገባም፣ ትልቅ ፒንሳም አይገባም። ለዚህ ብቻ እንኳን ዋጋዋን መልሳለች። መቀሷ ካሰብኩት በላይ ጥሩ ናት፤ የሙሽራ ልብስ ላይ የተንጠለጠለ ክር ሳትጎትት ትቆርጣለች። ባለ መስቀል ካቻቢቴው አጭር ስለሆነ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ቪቴ አይደርስም። ሞረዱን አልፈለግሁትም። ጠርሙስ መክፈቻው ሠርግ ላይ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ስለ ብረቱ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ዕቃ ሲገዛ ማግኔት ያስጠጋል። ከሳበው "ይሄ ስቴንለስ አይደለም" ብሎ ይተወዋል። ለቢላና ለፒንሳ ይህ ፈተና አይሠራም። ስቴንለስ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው ብረት ነው፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። ለድስት በብዛት የሚውለው ዓይነት ኒኬል ስላለበት ማግኔት እምብዛም አይስበውም። ለስለት የሚሆነው ዓይነት ግን ካርቦን ኖሮት፣ በእሳት ግሎና በፍጥነት ቀዝቅዞ የጠነከረ ነው። እሱን ማግኔት ይስበዋል። ቢላዋን ማግኔት ጭራሽ ካልሳባት ነው መጠራጠር፤ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ስለት አይዝም። የእኔን ማግኔት ይስባታል። ቢላዋ ግን ቶሎ ትደነዝዛለች። በድንጋይ ስትሳል ደግሞ ቶሎ ትመለሳለች። ለስላሳ ብረት እንዲህ ነው፤ እኔን አላስቸገረኝም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ የቤት ጉዳይ አለ። ቡና ሲፈላ ጎረቤታችን "እስቲ ያቺን መቆንጠጫህን አቀብለኝ፣ ፍሙን ላስተካክልበት" ይሉኛል። "እማማ፣ እሷ ለእሳት አትሆንም" እላቸውና የከሰል መቆንጠጫውን ፈልጌ አቀብላቸዋለሁ። ሰስቼ አይደለም። ብረቱ ጥንካሬውን ያገኘው በተመጠነ ሙቀት ነው። ፍም ላይ ከጋለ ጥንካሬው ይሄዳል። የፒንሳዋ ጫፍ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ ከዚያ በኋላ ብሎን ሲይዝ ይጎብጣል።

ስቴንለስም ቢሆን ይዝጋል። ክረምት ላይ ዝናብ ከመታት በኋላ እርጥብ ኪስ ውስጥ ካደረች መቀሱን የሚገፋው ስፕሪንግ ሥር ቡናማ ነጥብ ይወጣል። ሎሚ ከተቆረጠባትና ሳትታጠብ ከታጠፈችም ቢላዋ ነጠብጣብ ይይዛል። ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መገጣጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ ይበቃል። የምግብ ዘይት አታድርጉ። ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆንና አቧራ ሰብስቦ ማጠፊያውን ያጣብቀዋል።

መሃል ከተማ ለሚንቀሳቀስ ሰው ሌላው ጉዳይ ፍተሻ ነው። ሆቴል፣ ባንክ፣ መሥሪያ ቤት፣ የገበያ ሕንፃ፣ ሁሉም በር ላይ ፈታሽ አለ። ቢላ ስላላት በር ላይ ትቀራለች። ትክክልም ነው። እኔ ሳልጠየቅ ከኪሴ አውጥቼ "ወንድሜ፣ ይቺ ለካሜራ ናት፤ ስወጣ እወስዳታለሁ" ብዬ እሰጣለሁ። ውስጥ የምሠራው ሥራ ካለ ግን ቀድሜ አዘጋጁን አነጋግራለሁ፤ ለጥበቃዎቹ ከተነገራቸው ይተባበራሉ። በአውሮፕላን የምትጓዙ ከሆነ በጭነት ሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ አታድርጓት። ይህ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ቢላ የሌላቸው ታጣፊ ፒንሳዎችም ይሠራሉ፤ እነሱን ጠይቁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህችን ፒንሳ ለማንም አልመክርም፤ ኤሌክትሪክ ላይ። አገራችን መስመሩ 220 ቮልት ነው። የዚህች እጀታ ደግሞ ራቁት ብረት ነው። መብራት ሲጠፋ ሶኬት ከፍቶ መነካካት የሚወድ ሰው አለ፤ መብራቱ በድንገት ሲመለስ ሽቦ ጨብጦ ሊገኝ ይችላል። ላስቲክ የለበሰ እጀታ ሁሉ ይከላከላል ማለትም አይደለም። ለኤሌክትሪክ ሥራ ተብሎ የተሠራው ፒንሳ እጀታው ላይ 1000 ቮልት የሚል ምልክት አለው። እሱ ከሌለ ቆጣሪው ላይ ማጥፋት፣ ከዚያ መሥራት ነው።

በስልክ አይታችሁ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ የሚልከው ብዙውን ጊዜ የካታሎግ ፎቶ ነው፤ ሁሉም ምላስ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የሚታይበት። ያ ፎቶ ምንም አይነግራችሁም። "እጅህ ላይ ያለችውን ዘግተህ መስኮት ፊት አንሳልኝ፣ መገጣጠሚያዋንም ከቅርብ አሳየኝ" በሉት። እቃውን የያዘ ሻጭ ለመላክ ደቂቃ አይፈጅበትም።

መገጣጠሚያዋን ከቅርብ ስታዩ አንድ ነገር ለዩ፤ በሪቬት (ተመትቶ በተዘጋ፣ በማይፈታ ሚስማር) ነው የተዘጋው ወይስ በቪቴ? የእኔዋ በሪቬት ነው። ስለዚህ ያ በፎቶ ያየሁት መላላት መጥበቂያ የለውም። መዶሻ ያለው ባለሙያ ቢመታው ለጊዜው ይጠብቃል፤ ካበዛው ደግሞ አልከፈትም ትላለች። ለአሁኑ ሥራዬን እየሠራችልኝ ነው፤ ቪቴ ታጠብቃለች፣ የባትሪ ብረት ታቀናለች። ጫፏ ቀጭን ሽቦ መያዝ ሲያቅተው ወደ ቤት መሳቢያ ትገባለች። በምትኩ ያችኑ የምታህል፣ መገጣጠሚያዋ በቪቴ የሚጠብቅ እገዛለሁ፤ ከአሁኑም እየጠየቅሁ ነው። ዋጋዋ ከፍ እንደሚል አውቃለሁ፤ እከፍላለሁ።