በወርቅ ዘመን የሐይቅ ዳር ሆቴል፦ የሐዋሳ ቆይታ ግምገማ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል ብዙም በማይርቅ ስፍራ በሚገኝ አንድ መካከለኛ ሆቴል ከቤተሰቤ ጋር አርፌ ነበር። ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ውኃው ሌሊትም አይቋረጥም፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ወደ ዳርቻው ሲወርዱ ማየት ይቻላል። ለማረፊያነት የሚያስከፋ ነገር አላገኘሁበትም። ያሳዘነኝ ወጥ ቤቱ ነው። የቤቱ መታወቂያ የነበረው ዓሣ ለብለብ ከመጠን በላይ ተጠብሶ ደርቆ ቀረበልን፤ ዳጣውም ጠይቀን የመጣ ሲሆን ትኩስነቱን ያጣ ነበር።

የአስተናጋጆቹን ኃላፊ ምክንያቱን ብጠይቀው ዋናው ወጥ ሠሪ ጉጂ ውስጥ ባለ የማዕድን ካምፕ ሥራ አግኝቶ መሄዱን በትሕትና ነገረኝ። «ጋሼ፣ እነሱ የሚከፍሉትን ደመወዝ እኛ ከየት እናመጣዋለን?» ሲል ጨመረልኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በዚህ ግምገማ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ ልሰጠው እወዳለሁ።

የተፈጥሮ ሀብት ገበያው የደራለት አገር ቱሪዝሙን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ምንዛሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በግሮኒንገን ጋዝ ያገኘችው ሆላንድ በሽያጩ ገንዘቧ ስለጠነከረ ሌሎች የወጪ ንግድ ዘርፎቿ ተዳክመዋል፤ የኢኮኖሚ ባለሙያዎችም ክስተቱን የሆላንድ በሽታ ብለውታል። በአውስትራሊያም እ.ኤ.አ. በ2011 የብረት ማዕድንና የድንጋይ ከሰል ዋጋ ሲንር የአገሪቱ ዶላር ከአሜሪካው በለጠ፤ የውጭ እንግዳው ጉዞው ተወደደበት፣ አውስትራሊያውያኑም ለዕረፍት ወደ ውጭ መውጣትን መረጡ። ሁለተኛው መንገድ የሰው ኃይልና የመኝታ ክፍል ሽሚያ ነው። እንደ ካራታ ባሉ የምዕራብ አውስትራሊያ የማዕድን ከተሞች ሆቴሎች በኩባንያ ሠራተኞች ተይዘው ስለነበር ጎብኚ ክፍል ለማግኘት ይቸገር ነበር።

የእኛ ሁኔታ ግን ለየት ይላል። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ የወጪ ንግዳችን ቀዳሚ ገቢ ቢሆንም ብር አልጠነከረም። እንዲያውም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ቀድሞ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረ ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ እንዲመጣ የረዳውም አንዱ ይኸው ለውጥ ነው። ስለዚህ ይህ ሆቴል ዶላር ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ርካሽ ነው፤ ከአዲስ አበባ በብር ደመወዝ ለሚመጣ ቤተሰብ ግን ከብዷል። ከሁለቱ ጉዳቶች የምንዛሪው ለጊዜው አልደረሰብንም፤ የሰው ኃይሉ ሽሚያ ግን ወጥ ቤቱ ድረስ ገብቷል ብዬ አምናለሁ። ባለሀብቱም ከውጭ እንግዶች የሚያገኘውን ጭማሪ ከቀለምና ከመብራት በፊት ለሠራተኞቹ ቢያውለው ይሻላል፤ ወጥ ሠሪ በአንድ ወር ሠልጥኖ የሚተካ ባለሙያ አይደለምና።

ሆቴሉ የሚያገናኘው ባለ ጀልባ ግን ምስጋና ይገባዋል። ለልጆቹ ሳይቀር የሕይወት አድን ጃኬት አልብሶ፣ ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት አቅጣጫ ወሰደን፤ ጉማሬዎቹንም ከበቂ ርቀት ሞተሩን አጥፍቶ አሳየን፤ ወፎቹን በየስማቸው እየጠራ የሚዋለዱበትን ወቅት ሳይቸኩል አስረዳን። እንዲህ ያለ ዕውቀት በሐይቁ ላይ በመኖር የሚገኝ ስለሆነ፣ ይህ ሰው ነገ ወደ ወርቅ ቁፋሮ ቢሄድ ከተማዋ የምታጣው ከአንድ ሠራተኛ በላይ ነው።

ቤተሰብ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ መኝታውን ያለ ስጋት ያዙ፤ ጀልባውን ነፋስ ሳይነሣ በጠዋት ተሳፈሩ፤ ዓሣውን ግን ወጥ ቤቱ እስኪያገግም ድረስ አሞራ ገደል ወርዳችሁ ብትበሉ ይሻላችኋል።