ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው የቲቸር ቬንትሌተር ጥገና፣ ሄጄ ያየሁት

አቦ ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ ቬንትሌተር ሲሞትብህ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ልጅ አላስረዳም። ፍራሽ በረንዳ ላይ አውጥተን ነው ያደርነው፣ ትንሿ ልጄ አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጥቶባት ሌሊቱን ሙሉ ስታክ። ከታይዋን ገበያ ከገዛሁት ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላውም፣ ስሰካው እምምም ይላል ግን ንቅንቅ የለም። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት (የት እንደሆነ ተዉት) ሳይከፍተው ሞተሩ ተቃጥሏል ሽቦው እንደ አዲስ መጠቅለል አለበት 1,800 ብር አለኝ፣ እኔም በዚህ ላይ ጨምሬ አዲስ አልገዛም እንዴ ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ቢሮ የማውቃት ልጅ ናት ቲቸር ጋ ውሰደው ያለችኝ። ታፔላ የለውም፣ ሳቢያን ውስጥ ለውስጥ የገባች አንዲት ኮንቴነር ናት፣ ባጃጁን ቲቸር ጋ ካላችሁት ያደርሳችኋል። ሰውዬው 11 ዓመት ሃይስኩል ፊዚክስ አስተምሮ ነው የወጣው። ግድግዳው ላይ የተሰበረ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ ወረፋውን በጠመኔ ይጽፋል፣ ስም፣ ዕቃ፣ ችግር። እኔን «ቬንትሌተር፣ ይጮሃል አይዞርም» ብሎ ጻፈኝና ሳቄ መጣ።

ካቻቢቴ እንኳን ሳያነሳ ሰካውና በእስክሪብቶ ክንፉን ገፋ ሲያደርገው ዞረ!! ቀስ ብሎ ግን ዞረ። ሞተሩ ቢቃጠል ኖሮ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ይሸትህ ነበር፣ እንዲህም አይዞርም አለኝ። ከዛ ፈታውና ካፓሲተሩን (ሞተሩን የምታስነሳውን ትንሽ ዕቃ) በቴስተር ለካ፣ ላዩ ላይ 1.5 ማይክሮፋራድ ይላል፣ ቴስተሩ 0.6 አሳየ። ኑ እዩት ብሎ ከኋላዬ ምጣድ ይዛ የቆመችውን ሴትዮ ሁሉ ጠራት። ሳይክል ላይ ሁለቱ ፔዳል አንድ ጎን ቢሆኑና እኩል ብትረግጧቸው ትዞራለች? ሞተሩም ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ፣ ግፊታቸው እኩል ከመጣ ይንቀጠቀጣል እንጂ መነሻ አያገኝም፣ ካፓሲተሩ ነው አንዱን የሚያስቀድመው አለ። እኔ ፊዚክስ ላይ የት እንደነበርኩ አልነግራችሁም ግን ገባኝ ወላሂ።

ከሞተሩ ኋላ ያለችውን ብሮንዚና (ዘንጉ ውስጧ የሚዞርባትን ቀለበት) ሲያወጣት ጥቁር ጭቃ። ዘይት አድርገህበታል? አዎ። የምን ዘይት? ... የምግብ። ዝም ብሎ አየኝ፣ የቤት ስራ ሳይሰራ እንደመጣ ተማሪ ነው ያደረገኝ። የምግብ ዘይት ሲሞቅ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ የድሬ አቧራ ሲጨመርበት አለቀ፣ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ይበቃዋል። በቤንዚን አጥቦ መለሳት። ካፓሲተር 200፣ እጅ 250፣ በቃ 450 ብር በቴሌብር ከፈልኩ። አዲሱ ካፓሲተር ላይ ቀኑን በማርከር ጻፈበት፣ ሦስት ወር ውስጥ ከሞተ በነጻ ይቀይራል።

እየሰራ እንዴት ማስተማር እንደተወ ጠየቅኩት። አንድ ቀን ተነስቶ አልወጣም፣ መጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ የመምህራኑን ካውያና ምጣድ ሲጠግን ነው ሁለት ዓመት የቆየው። ሞተር መጠቅለል ያስተማሩት ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ይሄ ደስ አለኝ፣ ድሬ ራሷ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ አይደለች፣ ከለገሃር ወርክሾፕ የወጣ እጅ በየሰፈሩ አለ። የመጀመሪያውን ዓመት ያገኘው ከመምህር ደሞዙ ያነሰ ነበር፣ ቤቱን የያዘችው ሚስቱ ናት፣ ወር ሲያልቅ ደሞዝ የገባ መስሎት ስልኩን ያይ እንደነበር ነገረኝ። እኔም ስራዬን ለመልቀቅ የማስብ ሰው ስለሆንኩ ይቺን ሰምቼ ትንሽ ቀዝቀዝ አልኩ።

አሁን ቅሬታዬ። ቀጠሮ አያውቅም አቦ! ቬንትሌተሩን ለመውሰድ 9 ሰዓት ና አለኝ፣ ስሄድ ዝግ ነው፣ እስከ 10 ሰዓት እንደማይከፍት የነገረኝ ጎረቤቱ ነው፣ የወሰድኩት በማግስቱ ጠዋት ነው። ማብራሪያውም ረዘም ይላል፣ ሰው በሙቀት ተሰልፎ እሱ ስለ ኮረንቲ ያወራል፣ ምጣድ የያዘችው ሴትዮ «ቲቸር ደወሉ አልተደወለም እንዴ» ስትለው ሁላችንም ሳቅን። የፍሪጅ ጋዝ ደግሞ አይሞላም፣ አልችልም ብሎ በግልጽ ይመልሳችኋል፣ ተሸክማችሁ እንዳትሄዱ። ከ5 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለቀጠሮው ነው።

መጨረሻ ላይ የተበላሸውን ካፓሲተር እጄ ላይ አስቀመጠና ቁጥሩን አሳየኝ፣ ቀጣይ ጊዜ ይቺን ራስህ ገዝተህ ትቀይራለህ፣ ግን መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው አለኝ። ደንበኛ አታጣም ወይ ስለው ወደ ሰሌዳው ጠቆመኝ፣ 14 ሰው ተጽፏል።

ይሄን ስጽፍ ቬንትሌተሩ ከጎኔ እየዞረ ነው። ትንሽ ይንኳኳል፣ እሱ ግን ሽፋኑ ነው፣ ወረቀት አጥፈህ ሸጉጥበት ብሎኛል።